ዝም ያለው ተማሪ፦ አንብቦ መረዳትና ጠይቆ መማር በመማሪያ ክፍል ውስጥ

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ወቅት ከሶሓቦቻቸው ጋር ተቀምጠው ሳሉ፣ ቅጠሏ የማይረግፈውና በሙስሊም ሰው የምትመሰለው ዛፍ የትኛዋ እንደሆነች ጠየቋቸው። የተሰብሳቢዎቹ ሐሳብ ወደ ምድረ በዳ ዛፎች ሄደ። በዕድሜ ከሁሉም ያንሱ የነበሩት ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) መልሱ የተምር ዛፍ መሆኑን በልባቸው ዐወቁ፤ ነገር ግን አቡ በክርና አባታቸው ዑመር ዝም ማለታቸውን ሲያዩ አፍረው ዝም አሉ። መልሱን የነገሯቸው በመጨረሻ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ነበሩ። ዐብደላህ በልባቸው የነበረውን ኋላ ላይ ለአባታቸው ባጫወቷቸው ጊዜ፣ ዑመር ልጃቸው ተናግሮት ቢሆን ኖሮ ከብዙ ሀብት ይልቅ ደስ ይላቸው እንደነበር ገለጹ።

ይህን ሐዲስ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። ኢማም ቡኻሪ በዕውቀት መጽሐፋቸው ውስጥ ሲያሰፍሩት፣ መሪ የሆነ ሰው የባልደረቦቹን ዕውቀት ለመመዘን ጥያቄ ስለማቅረቡ በሚያወሳ ርእስ ሥር አድርገውታል። ዛሬ የሥነ ትምህርት ባለሙያዎች «ጠይቆ መማር» ወይም «መርምሮ መማር» የሚሉት ዘዴ ለሙስሊሙ ማኅበረሰብ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አለመሆኑን ይህ ርእስ ብቻውን ያመለክታል። ሐዲሱ ሌላም ትምህርት አለው። ዕውቀት በልቡ ያለ ልጅ ስላፈረ ብቻ ዝም ሊል ይችላል። አባቱም በዝምታው አልተደሰተም፤ ቢናገር ኖሮ በወደደ ነበር።

በዛሬው የመማሪያ ክፍል ውስጥ ዝም የሚሉ ተማሪዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው እንደ ኢብኑ ዑመር እያወቀ የሚያፍር ነው። ሁለተኛው ደግሞ መጽሐፉን ጮክ ብሎ፣ ሳይደናቀፍ ያነባል፤ ያነበበው ግን ስላልገባው የሚጠይቀውም የሚመልሰውም የለውም። የመጀመሪያውን ለመርዳት የመምህሩ ትዕግሥትና የወላጅ ማበረታቻ ይበቃ ይሆናል። ሁለተኛውን ለመርዳት ግን የማንበብ ትምህርት እንዴት እንደሚሰጥ እንደገና ማሰብ ያስፈልጋል።

ፊደል ማወቅና መረዳት

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2019 «የመማር ድህነት» የተባለ መለኪያ ይፋ አድርጓል። መለኪያው የሚያሳየው ዐሥር ዓመት ሞልቷቸው አንድ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት የማይችሉ ልጆች ምን ያህል እንደሆኑ ነው። በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ቁጥሩ በዚያን ጊዜ 53 በመቶ ነበር። ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ በ2022 በወጣው ግምት ደግሞ ወደ 70 በመቶ አሻቅቧል። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ትምህርት ቤት የሚውሉ መሆናቸው ችግሩን ይበልጥ ያከብደዋል።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ በኋላ በሰባት የአገሪቱ ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጅተው መምህራን ሥልጠና ወስደዋል። ያም ሆኖ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. በተሰጡት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በቅደም ተከተል 3.3 እና 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ውጤት መንስኤዎች ብዙ ቢሆኑም፣ ከሥር ከመሠረቱ አንብቦ መረዳት ያልቻለ ተማሪ የፊዚክስም ሆነ የታሪክ ጥያቄ ሲቀርብለት ሁለት ጊዜ እንደሚፈተን ግልጽ ነው፤ አንድ ጊዜ ጥያቄውን ለመረዳት፣ አንድ ጊዜ ለመመለስ።

በምንኖርበት አካባቢም የንባብ ጉዳይ ትኩረት ካገኘ ቆይቷል። የአራተኛ ክፍል ተማሪዎችን የንባብ ችሎታ በየአምስት ዓመቱ የሚመዝነው ዓለም አቀፍ ጥናት ከ2001 ጀምሮ ይካሄዳል። የመለኪያው ማዕከል 500 ነጥብ ነው። በ2021 ሲንጋፖር በ587 ነጥብ ስትመራ፣ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች 483፣ ሳዑዲ ዐረቢያ ደግሞ 449 ነጥብ አግኝተዋል። ሳዑዲ ዐረቢያ በ2016 ያገኘችው 430 ነበር። በወረርሽኙ ምክንያት በሁለቱ አገሮች ምዘናው ዘግይቶ በአምስተኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ የተሰጠ በመሆኑ ንጽጽሩ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። በዱባይ ገዥ በሼኽ ሙሐመድ ቢን ራሺድ አል መክቱም እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የዐረብኛ ንባብ ውድድር ተማሪዎችን ኀምሳ መጻሕፍት እንዲያነቡ ይጋብዛል። የውድድሩ ቁም ነገር የመጽሐፉ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ተማሪው ያነበበውን እያንዳንዱን መጽሐፍ በራሱ ቃል አሳጥሮ እንዲጽፍ ይጠየቃል።

በፊደል ማወቅና በመረዳት መካከል ያለውን ልዩነት ተመራማሪዎቹ ጎፍ እና ታንመር እ.ኤ.አ. በ1986 በአንድ ቀላል ስሌት አስቀምጠውታል። እንደ እነርሱ አባባል አንብቦ መረዳት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፤ የተጻፈውን ወደ ድምፅ የመለወጥ ችሎታና የቋንቋው ዕውቀት። በብዜት ሕግ ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ይሆናል።

ይህን ለመረዳት ለእኛ አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊሞች ረጅም ማብራሪያ አያሻንም። ዐረብኛ የማይናገር ልጅ ቁርኣንን በተጅዊድ አሳምሮ ሲቀራ ሰምተን እናውቃለን። ቂርኣቱ የራሱ የሆነ ክብርና ምንዳ አለው። ይሁንና ልጁ የቀራውን ትርጉም ለማወቅ ሌላ ትምህርት፣ ማለትም ቋንቋና ተፍሲር እንደሚያስፈልገው ማንም አይክድም። በዚህ በኩል የምናውቀውን ልዩነት በሳይንስ፣ በኅብረተሰብና በሒሳብ መጻሕፍት ላይ ግን እንዘነጋዋለን። ልጁ ገጹን ሳይደናቀፍ ከጨረሰ «አነበበ» ብለን እናልፈዋለን።

ሦስት ፊደላት በአንድ ቤት

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚያድጉ የአማርኛ ተናጋሪ ልጆች ጉዳይ ከዚህም የረቀቀ ነው። በቤት ውስጥ አማርኛ ይሰማሉ፤ በመንገድና በገበያ የአካባቢውን የዐረብኛ ዘይቤ ይሰማሉ፤ በመጽሐፍ የሚያገኙት ግን ከመንገዱ ቋንቋ የሚለየውን ፉስሓ ነው። ብዙዎቹ በዚህ ላይ እንግሊዝኛ ይማራሉ። የአማርኛ ፊደል ከሠላሳ ሦስቱ ቤቶች በሰባት በሰባት ተባዝቶ 231 ሆሄያት ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ ሆሄ አናባቢውን ከነተነባቢው ይዞ ይነበባል። ዐረብኛ 28 ፊደላት ያሉት ሲሆን ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፤ በተለመደው ጽሑፍ አጫጭር አናባቢዎቹ አይጻፉም። ስለዚህ አንባቢው ቃሉን በትክክል ለመጥራት አስቀድሞ ትርጉሙን መገመት ይኖርበታል።

አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው እንዳይደናገር በማሰብ ከአማርኛ ያርቁታል። ጂም ከሚንስ የተባሉት የቋንቋ ትምህርት ምሁር ከ1979 ጀምሮ ያራመዱት አስተሳሰብ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በአንድ ቋንቋ በጥልቀት የተገነባ የመረዳት ችሎታ ወደ ሁለተኛው ቋንቋ ይሸጋገራል። ታሪክን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታትሎ፣ ምክንያትን ከውጤት ለይቶ በአማርኛ ማውራት የሚችል ልጅ፣ ያንኑ በዐረብኛ ለመሥራት የሚቀረው ቃላቱ ብቻ ይሆናል። ማሰቡን እንደገና አይማረውም።

የንባብ ስልቶች

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የተማረ ሰው ቅድመ ንባብ፣ የንባብ ጊዜና ድኅረ ንባብ የሚሉትን ክፍሎች ከመማሪያ መጻሕፍት ያስታውሳል። እነዚህ ክፍሎች በብዙ ቦታ ለመልክ ብቻ ይታለፉ እንጂ ጠንካራ መሠረት አላቸው። በአሜሪካ አገር የተቋቋመ ብሔራዊ የንባብ ጉባኤ በ2000 ባወጣው ሪፖርት የንባብን ትምህርት አምስት ዐምዶች ዘርዝሯል። እነርሱም የቃልን ድምፆች መለየት፣ ድምፅን ከፊደል ማዛመድ፣ አቀላጥፎ ማንበብ፣ የቃላት ሀብትና አንብቦ መረዳት ናቸው።

ለመጨረሻው ዐምድ በሰፊው ከሚሠራባቸው ስልቶች አንዱን ፓሊንክሳር እና ብራውን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1984 አቅርበውታል። ተማሪዎች በትንንሽ ቡድን ተከፋፍለው አንድ አንቀጽ ያነባሉ፤ ከዚያም አራት ሥራዎችን ይከፋፈላሉ። አንዱ ቀጥሎ የሚመጣውን ይተነብያል፤ አንዱ ጥያቄ ያወጣል፤ አንዱ ያልገባውን ቃል ወይም ሐሳብ ያጠራል፤ አንዱ አንቀጹን በራሱ ቃል ያጠቃልላል። በሚቀጥለው አንቀጽ ሚናቸውን ይለዋወጣሉ። መምህሩ በመጀመሪያ ሁሉንም ሥራ ራሱ ሠርቶ ያሳያቸዋል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ እጁን እያነሣ ለተማሪዎቹ ያስረክባል።

ሁለተኛው ስልት ዶና ኦግል በ1986 ያስተዋወቁት ሦስት ዐምድ ያለው ሰንጠረዥ ነው። በመጀመሪያው ዐምድ ተማሪው ስለ ርእሱ አስቀድሞ የሚያውቀውን፣ በሁለተኛው ሊያውቅ የሚፈልገውን፣ በሦስተኛው ደግሞ አንብቦ የተማረውን ይጽፋል። ወጪው አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ነው። ጥቅሙ ግን ልጁ ወደ ጽሑፉ የሚገባው የራሱን ጥያቄ ይዞ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የቀለለው ነው፤ ዝም ብሎ መጠበቅ። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ ተመራማሪ በ1970ዎቹ በብዙ ክፍሎች ተገኝተው ባደረጉት ጥናት፣ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ ተመልክተዋል። መምህሩ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሥ መልሶቹ ይረዝማሉ፤ «አላውቅም» የሚለው ይቀንሳል፤ ከዚህ በፊት ዝም ይሉ የነበሩ ተማሪዎችም መናገር ይጀምራሉ። በልቡ መልስ ይዞ ለሚያፍር ልጅ እነዚያ ጥቂት ሰከንዶች የመናገሪያ በር ይሆኑለታል።

ስለ ፈለጅ የሚሰጥ አንድ ትምህርት

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በአምስተኛ ክፍል ስለ ዑማን የፈለጅ መስኖ የሚናገር ምንባብ ተሰጠ እንበል። ፈለጅ የከርሰ ምድር ውሃን ያለ አንዳች ሞተር፣ በመሬት ስበት ብቻ፣ በቀስታ በሚያዘነብል ቦይ ከተራራ ሥር ወደ እርሻና መንደር የሚያደርስ ጥንታዊ ሥርዓት ነው። ዩኔስኮ ከዑማን አፍላጅ አምስቱን በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

በተለመደው አሠራር ተማሪው ምንባቡን ጮክ ብሎ ያነባል፤ መምህሩ ትርጉሙን ይናገራል፤ ከምንባቡ ግርጌ ያሉት አምስት ጥያቄዎች በደብተር ላይ ይመለሳሉ። ተማሪው መልሱን የሚያገኘው ከጥያቄው ጋር የሚመሳሰለውን ዐረፍተ ነገር ፈልጎ በመገልበጥ ነው። ሙሉ ውጤት ያገኛል፤ ውሃው ለምን እንደሚፈስ ግን አያውቅም።

በሁለተኛው አሠራር መምህሩ ምንባቡን ከመክፈቱ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ «ሞተር ባልነበረበት ዘመን ውሃ ከተራራ ሥር ወደ ሩቅ የተምር እርሻ እንዴት ደረሰ?» ተማሪዎቹ ግምታቸውን ይጽፋሉ። ቀጥሎ ወደ ቃላት ይሄዳሉ። አማርኛ ተናጋሪው ልጅ እዚህ ላይ ከሌሎቹ የተለየ ሀብት አለው። በግዕዝ «ፈለግ» ወንዝ ማለት ነውና፣ የዐረብኛው «ፈለጅ» የዚህ ቃል የሩቅ ዘመድ መሆኑን ሲሰማ ቃሉን አይረሳውም። ከዚያ በኋላ በቡድን ሆነው በአራቱ ሚናዎች ያነባሉ።

ምርመራው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። መምህሩ ግማሽ ለግማሽ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ጥቂት አሸዋና አንድ ጆግ ውሃ ያመጣል። ተማሪዎቹ ቱቦውን በጥቂቱ ያዘነብሉታል፤ ከዚያም ይበልጥ ያዘነብሉታል። ውሃው አሸዋውን ጠርጎ የሚወስደው መቼ ነው? ቆሞ አሸዋውን የሚያስቀምጠውስ መቼ ነው? የሚያዩትን ይመዘግባሉ። ወደ ምንባቡ ሲመለሱ «በቀስታ የሚያዘነብል» የሚለው ሐረግ ለምን እንደተጻፈ ራሳቸው ያብራራሉ። ቦይ ቁልቁለቱ ከበዛ ይሸረሸራል፤ ካነሰም በደለል ይደፈናል። ከዚህ አዲስ ጥያቄ ይወለዳል፤ ውሃው ለብዙ ገበሬዎች በፍትሕ የሚከፋፈለው እንዴት ነበር? መልሱን ፍለጋ ሲያነቡ፣ ዑማናውያን የየገበሬውን ተራ ቀን በጥላ መለኪያ፣ ሌሊት በከዋክብት ይወስኑ እንደነበር ያገኛሉ። በዚህ መንገድ አንድ የንባብ ክፍለ ጊዜ ፊዚክስን፣ ታሪክንና ፍትሕን ይዞ ይወጣል።

ማየትን፣ መጠራጠርንና መሞከርን አጣምሮ የመሥራት ባህል ከዚህ አካባቢ የራቀ አይደለም። በ965 ገደማ በበስራ የተወለዱት ኢብኑል ሀይሠም ስለ ብርሃንና ስለ ዕይታ በጻፉት ታላቅ ኪታብ፣ ከእርሳቸው በፊት የነበሩ ሊቃውንት ያሉትን እንዲሁ አልተቀበሉም፤ በሙከራ ፈትነውታል።

ሽምደዳ ጠላት ነውን?

የዚህ ዘዴ ደጋፊዎች አንዳንድ ጊዜ ከልክ ያልፋሉ። ተማሪው ሁሉን ነገር በራሱ እንዲያገኝ መተው አለበት፣ በቃል መያዝ ጎጂ ነው የሚሉ አሉ። ማስረጃው ይህን አይደግፍም። ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ በ2006 ባሳተሙት ብዙ ባከራከረ ጽሑፍ፣ ጀማሪ ተማሪን ያለ በቂ መመሪያ ለምርመራ መልቀቅ አእምሮውን ከአቅሙ በላይ እንደሚያስጨንቀው አስረድተዋል። በ2015 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጆች ምዘናም፣ በሳይንስ ክፍላቸው የምርመራ ሥራ እጅግ ይዘወተራል ያሉ ተማሪዎች ውጤት በብዙ አገሮች ዝቅ ያለ ሲሆን፣ መምህሩ በግልጽ የሚያብራራላቸው ግን የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። ስለዚህ ምርመራው መሪ ያስፈልገዋል። በፈለጁ ምሳሌ ጥያቄውን የመረጠው፣ ቱቦውን ያመጣው፣ ቃላቱን አስቀድሞ ያስተማረው መምህሩ መሆኑን ልብ ይሏል።

የቀደሙት ዑለማዎችም በዚህ ሚዛን ላይ ነበሩ። ኢብኑ ኸልዱን በ1377 በጻፉት ሙቀዲማ፣ በዘመናቸው በመግሪብ አገር ዓመታትን በትምህርት መድረክ ላይ በዝምታ አሳልፈው፣ ብዙ በቃላቸው ይዘው፣ ዕውቀቱን ግን ሊጠቀሙበት ያልቻሉ ተማሪዎችን አስተውለዋል። መድኃኒቱም መወያየትና መከራከር መሆኑን ጠቁመዋል። ከእርሳቸው ቀደም ብለው የነበሩት ዘርኑጂም ስለ ተማሪ ሥርዓት በጻፉት አነስተኛ ኪታብ፣ ሐሳብ መለዋወጥ ድግግሞሽን በውስጡ ስለሚይዝ ከብቸኛ ድግግሞሽ እንደሚበልጥ አስተምረዋል። ለዚህ ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ ግን ውይይቱ በሚዛናዊነት፣ በእርጋታና ያለ ቁጣ እንዲሆን ነው።

በወሎ የቂርኣት መንደሮች ያለፈ ደረሳ ይህን ከኑሮው ያውቀዋል። ሼኹ የዐረብኛውን ኪታብ በአማርኛ እየፈቱ ያስረዳሉ፤ ደረሳው መትኑን በቃሉ ይይዛል፤ የበሰለው ደረሳ ደግሞ ለጀማሪው መልሶ ያስተምራል። በቃል የተያዘው መትን የማሰቢያ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ጥያቄው ደግሞ ጥሬ ዕቃውን ወደ ዕውቀት ይለውጠዋል። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ትምህርቱ ይጎድላል።

ጥያቄና አደብ

ብዙ ወላጆች «ልጅ ብዙ ከጠየቀ አደብ ያጣል» ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱን በንቀት ማለፍ አይገባም። መምህርን ለማሳፈር ወይም ክርክር ለማሸነፍ የሚቀርብ ጥያቄ በእርግጥ አደብ ይጎድለዋል። ይሁን እንጂ ቁርኣን በሱረቱ ነሕልና በሱረቱል አንቢያእ የማያውቅ ሰው የዕውቀት ባለቤቶችን እንዲጠይቅ ያዛል። በታወቀው የጅብሪል ሐዲስም መልአኩ በሰው አምሳል መጥቶ፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ጉልበቱን ከጉልበታቸው አስጠግቶ ተቀምጦ፣ ስለ ኢስላም፣ ስለ ኢማንና ስለ ኢሕሳን ጠየቀ። ከሄደ በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመጣው ሃይማኖታቸውን ሊያስተምራቸው መሆኑን ለሶሓቦቹ ነገሯቸው። ጅብሪል የጠያቂውን አቀማመጥና ትሕትናም በዚያው አሳይቷል። ስለዚህ ልጅን አደብ ማስተማር ማለት ጥያቄውን ማፈን ሳይሆን እንዴት እንደሚጠይቅ ማሳየት ነው።

ከወላጅ የሚጠበቀው

ትምህርት ቤቱን መለወጥ በወላጅ እጅ ላይሆን ይችላል። በቤት ውስጥ ያለው ሩብ ሰዓት ግን በእጁ ነው። ልጁ አንድ ገጽ ሲያነብ ወላጅ መጽሐፉን ዘግቶ «ምን ተረዳህ? በአማርኛ ንገረኝ» ቢለው፣ ልጁ በሁለት ቋንቋ ያስባል። ገጹን ከመግለጡ በፊት «ቀጥሎ ምን ይመጣል ብለህ ታስባለህ?» ቢለው መተንበይን ይለምዳል። ወላጁ ዐረብኛ ወይም እንግሊዝኛ ማንበብ አለመቻሉ ለዚህ እንቅፋት አይሆንም፤ እንዲያውም አስተማሪው ልጁ ይሆናል፤ ለማስተማር ደግሞ መረዳት ግድ ይለዋል።

ከዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ለአያት ወይም ለእኅት አደራ ሰጥተው፣ በስደት በሰው ቤት የሚሠሩ እናቶች ናቸው። ከልጃቸው ጋር የሚገናኙት በስልክ ነው፤ ጊዜውም አጭር ነው። በዚያ አጭር ጊዜ «ትምህርት እንዴት ነው?» ለሚለው ጥያቄ የሚገኘው መልስ ሁልጊዜ «ደኅና ነው» የሚል ነው። በእርሱ ፈንታ «ዛሬ ካነበብሽው ውስጥ ያልገባሽ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። አንድ አጭር ተረት በድምፅ መልእክት ግማሽ ድረስ ተርኮ ልኮ፣ ልጁ የቀረውን ገምቶ እንዲልክ ማድረግም ይቻላል። ልጁ ከመለሰ በኋላ ትክክለኛውን ፍጻሜ ሰምቶ ከግምቱ ጋር ያነጻጽራል። ለዚህ መጽሐፍ መግዛት አያስፈልግም፤ የእናት ድምፅና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃል።

ልጁ መጀመሪያ ላይ ዝም ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ለመመለስ አለመቸኮል፣ ሦስት ሰከንድ፣ ካስፈለገም ከዚያ በላይ መጠበቅ ነው።